የትናንት ወንበር

አስተማሪዋ ድምጿ ከጠመኔዋ ጭረት ያነሰ፣ ሰው ትክ ብሎ ሲያያት ጆሮዋ የሚቀላ ወጣት ነበረች። ከሥራ መልስ ለሚመጡ አዋቂዎች እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ያለፈ ጊዜ ላይ ሲደርሱ ሰሌዳው ሥር አንድ ወንበር አኖረችና «የትናንት ወንበር» አለችው። ተራው የደረሰ እዚያ ተቀምጦ ትናንት የሠራውን በእንግሊዝኛ ይናገራል።

ችግሩ፣ ትናንት ማንም ምንም አልሠራም። ፀጉር አስተካካዩ ፀጉር ቆረጠ። የክፍሉ ትልቅ ሰው እማማ ልብስ አጠቡ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደግሞ ሁልጊዜ «በር ላይ ተቀመጥኩ» ብሎ ይነሳል፤ ከዚህ የተነሳ ስሙ «ተቀመጥኩ» ሆኖ ቀረ።

«እባካችሁ» አለች አንድ ቀን በለሆሳስ፣ «ለወንበሩ ስትሉ በየቀኑ አንድ አዲስ ነገር ሥሩ።»

ምነው አፏን በቆረጠው! ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ መጣ። እማማ የልጅ ልጃቸውን ብስክሌት ነድተው ከጎረቤት አጥር ጋር ተላተሙ፤ በፋሻ የታሰረ ክንዳቸውን ከፍ አድርገው «ወደቅሁ!» ሲሉ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

በዚህ መሃል ዳይሬክተሩ አስጠሯት። «ክፍሉን የስፌት ሠልጣኞች ይፈልጉታል። ሐሙስ መጥቼ እሰማለሁ። ባለተራው አምስት ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ ካልተናገረ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ።»

ሐሙስ ዳይሬክተሩ ከረባታቸውን አጥብቀው ኋላ ተቀመጡ። ባለተራው ዘበኛው «ተቀመጥኩ» ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለው ሰው!

ተቀመጥኩ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ጀመረ።

«ትናንት የዳይሬክተሩን ቢሮ ከፈትኩ።»

ዳይሬክተሩ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ኮታቸውን ለበስኩ። ወንበራቸው ላይ ሦስት ጊዜ ተሽከረከርኩ። ስልክ ጮኸ። አነሳሁና ‹ሥራ በዝቶብኛል› አልኩ። ከዚያ ተኛሁ።»

አንድም ስህተት የለውም። አስተማሪዋ ትሳቅ ታልቅስ ጠፋት።

ዳይሬክተሩ ተነሱ። «በሩን መልሰህ ቆለፍክ?» አሉ፣ እሳቸውም በእንግሊዝኛ።

«አልቆለፍኩም። ረሳሁ።»

ይህም ልክ ነበር።

«አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ?» ሲሉ ጮኹ፣ ወደ አፍ መፍቻቸው ተመልሰው።

«ቆይ ልጄ» አሉ እማማ፣ «እዚህ ክፍል የሚቆጣ ሰው መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ደንብ ነው።»

እንዲህ ያለ ደንብ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ግን ደንብ ሲባል የሚያከብሩ ሰው ናቸውና ሄደው ተቀመጡ።

«ትናንት…» አሉ በእንግሊዝኛ። «ትናንት ፈረምኩ።» አሰቡ። «ከሰዓትም ፈረምኩ።» ጣሪያውን አዩ። ጣሪያው አላገዛቸውም። «ራት በላሁ።»

እንግሊዝኛቸው እንከን አልወጣለትም። የክፍሉን ሰው አንጀት ግን በሉት።

«አይዞዎት ጌታዬ» አላቸው ተቀመጥኩ፣ «እኔም እንዲሁ ነበርኩ።»

ዳይሬክተሩ ብድግ ብለው ለአስተማሪዋ «ክፍሉ ይቆይ» አሏት። ወደ ዘበኛው ዞረው «አንተ ኮቴን ታሳጥባለህ» አሉት። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ።

«ለመሆኑ… ለዚህ ወንበር ተራ የሚያዘው እንዴት ነው?»

«ማክሰኞ ክፍት ነው!» አለች አስተማሪዋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

ማክሰኞ ዳይሬክተሩ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ፣ ፀጉራቸው ውስጥ ቅጠል ተሰክቶ መጡ። ማንም ሳይጠራቸው ወንበሩ ላይ ዘፍ ብለው፣ እያለከለኩ፣ «ትናንት!» አሉ።