ፋይሉ የት ነው ያለው?

የምሠራው ሐይቅ ከተማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የገበሬው የመሬት ፋይል መዝገብ ቤታችን ውስጥ ተደርድሯል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ለጡረታ ጥቂት ወራት የቀሯቸው እናት ነበሩ። የቱ ፋይል የት እንዳለ በቃላቸው ያውቁታል። እሳቸው የታመሙ ቀን ግን ባለጉዳይ ሁሉ «ነገ ተመለስ» ነው።

ኃላፊያችን የሰነድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር አይተው ወደዱ። ወረቀቱ በሙሉ ስካን ተደርጎ ይገባል፤ ቃል ሲጻፍለት ፈልጎ ያወጣል። እኔም ጓጉቼ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ሞከርኩ። አብዛኛው ወረቀት በእጅ የተጻፈ፣ ቀለሙም የደበዘዘ ስለሆነ ፍለጋው አንድ ስም እንኳ ማንበብ አቃተው።

እናታችን ከጎኔ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኛን የቸገረን ወረቀቱ ምን እንደሚል ነው እንዴ? የት እንደገባ ነው እንጂ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ተራ ዳታቤዝ ልሠራ አሰብኩ፦ በአንዱ ሠንጠረዥ ባለይዞታዎቹ፣ በሌላው ፋይሎቹና ያሉበት መደርደሪያ፣ በሦስተኛው ፋይሉን ማን መቼ እንዳወጣው። ሦስቱን የሚያያይዛቸው የፋይሉ ቁጥር ነው።

ኃላፊው፣ «የወረቀቱ ምስል የሌለበት ምን ሲስተም ነው?» አሉ።

«ጌታዬ፣ ምስሉ ይደርሳል። መጀመሪያ ፋይሉን እናግኘው» አልኩ። ቅር እያላቸው ፈቀዱልኝ። መደርደሪያ በመደርደሪያ፣ እናታችን እያነበቡ እኔ እየጻፍኩ አስገባነው።

አንድ ቀን እናታችን ሐኪም ቤት ሄደው ሳሉ ከሳዑዲ የተመለሰች ሴት መጣች። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያርሱ የነበሩት አባቷ ሞተውባት ፋይላቸውን ስትጠይቅ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ስማቸውን ጻፍኩ፤ ሁለት ሰው ወጣ።

«አያትሽስ ማን ይባላሉ?» አልኳት። ስትነግረኝ አንዱ ብቻ ቀረ። ሦስተኛው ሠንጠረዥ ፋይሉ ለአንድ ባለሙያ ወጥቶ እንዳልተመለሰ ያሳያል። ሄጄ ከሰውዬው መሳቢያ፣ ከሌሎች ወረቀቶች ሥር አወጣሁት።

የአባቷን የጣት አሻራ ስታይ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «አልሐምዱሊላህ! ወንድሜ፣ ጠፍቷል ብዬ ቆርጬ ነበር እኮ» አለች። ኃላፊው በር ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል። በማግሥቱ ለሌሎቹ ክፍሎች እንዳሳይ አዘዙኝ።

በኋላ ስካነርም ተገዛ፤ ምስሎቹን በዚያው የፋይል ቁጥር አያያዝናቸው። እናታችን ጡረታ ሲወጡ ተተኪያቸውን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጠው፣ «ይኸን የሠራነው እኔና ልጄ ነን» ሲሏት ሰማሁ። ሰርተፍኬት ብዙ አለኝ፤ እንደዚያ ቀን ግን ቀና ብዬ ወደ ቤቴ የገባሁበት ቀን የለም።