የደበሌ ልብና የጌጤ ልብ

ደበሌ ልቡን ታመመ ከተባለ ወዲህ በሲቀላ ሰፈር ሊጠይቀው ያልመጣ ሰው አልነበረም። በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። አንድ ቀን በጽሕፈት መኪና ወረቀት ሲመታ ላብ አጠመቀውና ሐኪም ዘንድ ወሰዱት፤ ደም ግፊት አለብህ፣ ልብህም ዕረፍት ይሻል ተባለ። ሚስቱ ጌጤ ያን ዕለት ከልቧ ደንግጣ አለቀሰች። ውሎ ሲያድር ግን ድንጋጤው ወደ ሥራ ተለወጠባት፤ ሥራው ደግሞ ማለቂያ አልነበረውም።

ለእሱ ጨው የሌለው ይሠራል። የሃለኮ ዛፍ ቅጠሉን ብቻውን ቀቅላ፣ ድቡልቡሉን የበቆሎ ኩርኩፋውንም እንዲሁ አልጫ አድርጋ ታቀርብለታለች። እሱ ሁለት ጊዜ ጎረስ ያደርግና፣

«ይሄ ምግብ ነው ቅጣት?» ብሎ ይገፋዋል።

የተረፈው እንዳይደፋ እሷ ጨውና ዳጣ ጨምራ ትበላዋለች። ጎረቤት ሊጠይቅ ይመጣል። «ጌጤ፣ አደራሽን እንዳታናድጂው፤ የልብ ሰው ንዴት አይችልም» ይሏታል። ማን ማንን እንደሚያናድድ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ጌጤ ሃምሳን አልፋለች፤ ልጇ አስቴርም አግብታ ከቤት ወጥታለች። ወር ማየት ካቆመች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል። በኩልፎ ወንዝ ዳር ያለችውን የሙዝ ማሳ የምትኮተኩት እሷ ናት፤ ሙዙን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ወጥታ ሼቻ ገበያ የምታደርሰውም እሷው ናት። ያ ዳገት ድሮ እየዘፈነች የምትወጣው ነበር፤ ጌታን ካገኘች ወዲህ ደግሞ እየዘመረች። አሁን ግን እኩሌታው ላይ ትንፋሿ ይቆረጣል፤ ደረቷን አንድ ነገር እንደ ጠፍር ጥርቅም አድርጎ ይይዛትና ሕመሙ ወደ ላይ ወጥቶ መንጋጋዋ ላይ ይቀመጣል። ሸክሟን ድንጋይ ላይ አሳርፋ ስትቆም ይለቃታል።

መጀመሪያ ጥርሴ ነው አለች። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ድሬሰሩ አፏን ከፍቶ አየና ክፉ የመሰለውን የመንጋጋ ጥርስ ነቀለላት። ጥርሱ ሲወጣ ነጭና ድፍን ነበር። በሳምንቱ ዳገቱ ላይ ሕመሙ ተመልሶ መጣ፤ ጥርስ በሌለበት ድድ ላይ!

ተመልሳ ሄደች።

«እንግዲያው ጨጓራ ነው» አለና የሚታኘክ ክኒን ሰጣት።

«ጨጓራ መንጋጋ ላይ ወጥቶ ያውቃል?»

«እናቴ፣ ሐኪሙ እኔ ነኝ እርስዎ?»

ጎረቤቷ ወርቄ፣ «ዕድሜ ነው እባክሽ፤ እኔም ሙቀት ሙቀት ይለኝ ነበር፣ ይተውሻል» አለቻት። ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጸልዩት እህቶች እጅ ጫኑባት፤ ጸሎቱን በደስታ ተቀበለች። ሲጨርሱ ግን አንዷ፣ «ጭንቀት ነው፤ የባልሽ ነገር ነው ውስጥሽ የገባው» አለች። እሷ ስትታመም እንኳ ሕመሙ የእሱ ሆነ።

ሁሉን ያስረሳት ግን የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ልክነሽ ናት። ጌጤ ሁለት ስብሰባ በመቅረቷ ሰው ፊት አቆመቻት።

«ጓድ ጌጤ፣ ምክንያትሽ ምንድን ነው?»

«አሞኝ ነው።»

«የታመመው ባልሽ አይደል እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ጌጤ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

የደበሌ ቀጠሮ ደረሰ። ሐኪም ቤቱ ዳገቱ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ለበሽተኛው ከፊት ቦታ ሰጠው፤ የኋላው በሠራተኞች ሞልቶ ነበርና ጌጤ ጋቢውንና ምሳውን ይዛ በእግሯ ተከተለች። ስትደርስ ተራው ደርሶ እየተጠራ ነበር።

ዶክተር ካሱ ለከተማው አዲስ ነው። ከእሱ ወንበር ሌላ አንድ ወንበር ብቻ ነበረች፤ ደበሌ ተቀመጠ፣ ጌጤ ቆመች። ደበሌ እንቅልፉን፣ የምግቡን አልጫነት፣ የአለቃውን ክፋት በሰፊው ተረከ። የሚውጠውን መድኃኒት ሲጠየቅ ግን ዘወር ብሎ እሷን አያት። ልትመልስ ስትል ጠፍሩ ጥርቅም አደረጋት። ግድግዳውን ተደገፈች፤ ግንባሯን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው፤ እጇ መንጋጋዋ ላይ ሄደ።

«ጥርሷ ነው ዶክተር፤ አይጨነቁ» አለ ደበሌ።

«ጥርሴማ ተነቅሏል!» ብላ ጮኸች።

ዶክተሩ ብድግ አለ። «ይነሡላት።»

ደበሌ ማንን እንደሚያዝ ለማወቅ ወደ ኋላው ዞረ።

አስቀምጦ ግፊቷን ለካ፤ ልቧን በማዳመጫው ረዘም አድርጎ አዳመጠ። መቼ መቼ እንደሚመጣባት ጠየቃት፤ ስትወጣ፣ ስትሸከም፣ ስትቆጣ አለችው። ወር ማየት ካቆመች ቆይቷት እንደሆነ ጠየቃት። ባሏ ፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ! ፊቷ ጋለ፤ ግን መለሰች።

«እናቴ» አለ ዶክተሩ፣ «ሴት ወር እያየች ሳለች ልቧ ከወንድ ልብ የተሻለ ጥበቃ ያለው ይመስላል። ከቆመ በኋላ ያ ጥበቃ ይሳሳል። ግፊት ይጨምራል፣ የልብ ደም ሥር ይጠባል። ሕመሙም ሁልጊዜ ደረት ላይ አይቀርም፤ መንጋጋ፣ ጀርባ ይይዛል፣ ጨጓራ ይመስላል፤ አንዳንዴም ድካም ብቻ ነው። የእርስዎ ልብ ነው። ግፊትዎም ከባለቤትዎ ይበልጣል።»

«ከኔ ይበልጣል?» አለ ደበሌ። ሹመቱን የተቀማ ሰው መሰለ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን የሚነግረኝ ጠፋ?» አለች ጌጤ። እንባዋ መጣ፤ የሐዘን ሳይሆን የብሽቀት ነበር።

ዶክተሩ አንገቱን ደፋ። «ስንማር የልብ በሽተኛ ተብሎ የሚታየን ወንድ ነበር» አላት።

እዚያው አስተኟት። ደበሌ በማግስቱ ሊጠይቃት መጥቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«የአስቴር እናት፣ አሁን ሁለታችንም ከታመምን ማን ሊያበስል ነው?»

ጌጤን ዶክተሩ አይናደዱ ብሏት ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወደ ቤቷ ስትመለስ የሚዋጥ ክኒን ተሰጣት፤ ሕመሙ ሲመጣ ከምላሷ ሥር የምታደርገውም ሌላ። መድኃኒቱ በዚያ ዘመን እንደ ሁሉ ነገር አንዳንዴ ከከተማው ይጠፋ ነበር። ሸክሙን ተወች፤ ሙዙን ማሳው ድረስ መጥተው ለሚረከቡ ነጋዴዎች መሸጥ ጀመረች። ጨውን ከራሷም ገበታ አነሳች፤ ያን ጊዜ የደበሌ ቅጣት ምን እንደነበር ገባት፤ ይህን ግን አልነገረችውም።

ማኅበሩ ሲሰበሰብ ሄዳ እጇን አወጣች። የዶክተሩን ቃል አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ልክነሽ አቋረጠቻት፤

«ይህ አጀንዳ ላይ የለም።»

«እንግዲያው ይያዝልኝ» አለችና አልቀመጥም አለች። ሴቶቹ በዚህ ጊዜ አልሳቁም። ከስብሰባው በኋላ ሦስት ሴቶች ዛፍ ሥር ከበቧት፤ ከእነሱ አንዷ ራሷ ልክነሽ ነበረች፤ ጀርባዋን ይዛ።

ደበሌን ማላመድ ከሁሉ ከበዳት። እሱም ቢሆን ቀስ ብሎ መራመድ ይበጅሃል ተብሏል፤ ነገር ግን ወንድ ልጅ ባልዲ ይዞ ቦኖ ውሃ ሲወርድ መታየቱን እንደ ሞት ቆጠረው። አንድ እሑድ ቀትር ላይ ግን ሄደ። እየተነጫነጨ፣ በሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ፊት ግማሽ ባልዲ ውሃ ይዞ ተመለሰ። ጌጤ ዕቃው ሳይታጠብ፣ ቤቱ ሳይጠረግ ማንጎው ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ተኝታ ነበር።

«የአስቴር እናት፣ ይህን ውሃ የት ልገልብጠው?»

ዓይኗን አልገለጠችም።

«በዚህ ቤት ያሳደግናት አስቴር እንኳ ራሷ ወልዳለች» አለችው። «እንስራው የት እንዳለ ዛሬም አታውቅም?»