ለጮኸችው ዶሮ እንግሊዝኛ ስንፈልግላት

ሞባይል መቱ ውስጥ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ዶሮዬ እንደ አውራ ዶሮ ጮኸች። እንዲህ የምትጮህ ሴት ዶሮ በእኛ ቤት መጥፎ ምልኪ ናት፤ ትታረዳለች። ቀኑ ደግሞ የዐቢይ ጾም ቅበላ ነበር። እናቴ ሁለቱንም በአንድ ቢላዋ ልትገላገል በጠዋቱ ሽንኩርት ልታቁላላ ማድ ቤት ገባች። እኔ ያቺን ዶሮ ከጫጩትነቷ ጀምሮ ጥሬ በእጄ እያበላሁ ነው ያሳደግኳት፤ ብድግ አድርጌ ብብቴ ሥር ሸጎጥኳት።

ሴት ደግሞ ዶሮ አታርድም። አባቴ ለሥራ ኡካ ሄዷል። ስለዚህ እናቴ ጎረቤታችንን ጋሼን ጠራች። ጋሼ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፤ ግማሹን መቱ አስተምረዋል፣ ሌላውን ግማሽ መንገድ ላይ አስቁመው ይጠይቃሉ።

ቢላዋውን ተቀበሉና ብብቴ ሥር የያዝኳትን ዶሮ ትኩር ብለው አዩአት።

«ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ነገር በእንግሊዝኛ ምን ትይዋለሽ?»

«ስትሬንጅ።»

«ስትሬንጅ ለማናውቀው ነው። እሷንማ እናውቃታለን፤ ትናንት እንኳ ጎመኔን ስትለቅም ነበር።»

ቢላዋው ዝቅ አለ። ያኔ ገባኝ፤ ቃሉ እስካልተገኘ ድረስ ዶሮዬ አትሞትም።

«አንዩዥዋል!»

«መቱ በበጋ ቢዘንብ ማን አንዩዥዋል ይላል? ይችም ከጠዋት ጀምራ ስትጮህ ለመድናት።»

«ሬር?»

«ሬር ማለት ከሰዓት በኋላ ወደ ዳሪሙ የሚሄድ መኪና ነው።»

ሮጬ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላቴን አመጣሁ። «ኤክስትራኦርዲናሪ!»

«እሱ የሶር ፏፏቴ ነው። ዶሮን ከሶር እኩል ልናደርጋት ነው?»

እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። «ጋሼ፣ ሽንኩርቱ አረረብኝ እኮ!»

«ታገሽኝ እንጂ፤ ምንነቷ ሳይታወቅ እንዴት ትታረዳለች?»

እናቴ ሲብስባት ወደ ኦሮምኛ ትዞራለች። «ኩን ማል ጄቹዳ! ይኼ ደግሞ ምን ማለት ነው!» ብላ ተመልሳ ገባች። ዶሮዬ ምንም እንዳልተፈጠረ አንገቷን መዝዛ ደግማ ጮኸች። ምናለ አሁን እንኳ ዝም ብትል!

ኦድ አልኩ፤ «ኦድ ቀልድ ይመስላል» አሉ። ፔኪዩሊየር አልኩ፤ «ይኼ ለሰው ጠባይ ይሻላል፤ ለምሳሌ ለእኔ» አሉ። ከዚያ በኋላ ቃል አለቀብኝ። ገጹን ባገላብጥ ፊደሉ በእንባ ተደባለቀብኝ።

ጋሼ ወደ ማድ ቤቱ በር ሰረቅ አድርገው አዩና ጎንበስ አሉ። ቢላዋውን ከጀርባቸው ደበቁ።

«ልጄ፣ እባክሽ ሌላ ፈልጊ» አሉኝ በሹክሹክታ። «እኔ በሕይወቴ ዶሮ አርጄ አላውቅም። ደም ሳይ ይጥለኛል።»

አጥሩ ሥር ካለው ግንድ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ዶሮዋ መሃላችን። አንዳችን ቃል ስናወጣ ሌላችን እየጣልን ውለን ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ከዚያ በኋላ ዶሮ አርዶ፣ ብልት አውጥቶ፣ ወጥ አድርሶ ለእራት ማቅረብ አይታሰብም። እናቴ እየተነጫነጨች ቅበላውን በእንቁላል ወጥ አደረገችው። እንቁላሉን የጣለችውም ያችው ዶሮ ናት። ጋሼ ሁለት አነሱ።

ጾሙ ሊያልቅ የፋሲካ ዋዜማ ደረሰ። እናቴ ገና ቢላዋ ሳታወጣ በራችን ተንኳኳ። ማንም ያልጠራቸው ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ቆመዋል፤ ብብታቸው ሥር ከእኔው መዝገበ ቃላት በእጥፍ የሚወፍር ሌላ መዝገበ ቃላት ይዘዋል።