ባልወረድኩት ቁልቁለት ላይ ያሰመርኩት መስመር

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዓመታት ይዤው ኖርኩ፤ የፈጀው ግን እኔኑ ነው።

የጂኦሎጂ ተማሪ ሳለሁ ከዩኒቨርሲቲያችን ከማራኪ ግቢ ተነስተን ወደ አይከል በኩል ለመስክ ሥራ ወጣን። ሥራችን የአካባቢውን ድንጋይ በእግር እየዞሩ ካርታ ላይ ማስፈር ነበር። ሕጉ ቀላል ነው። ሁለት ዓይነት ድንጋይ የሚገናኙበትን ድንበር ሄደህ ካየኸው በሙሉ መስመር ታሰምረዋለህ፤ ካላየኸው በተቆራረጠ። መንገድ ሲጠፋን፣ የጂፒኤሱ ባትሪ ሲያልቅ፣ ገደል ሲያግደን ማድረግ ያለብን ይኸው ነበር፤ አላየሁም ብሎ ማመን። አላየሁም ማለት ምን ያሳፍራል? እኔን ግን አሳፈረኝ።

ያን ቀን ጓደኛዬን አሞት ድንኳን ቀርቷል። ከላይ ካለው ጥቁር ድንጋይ ሥር ሸክላ አፈር እንዳለ መምህራችን ነግሮናል፤ የቱ ጋ እንደሚጀምር ቁልቁለቱን ወርጄ ማየት የእኔ ፈንታ ነበር። አልወረድኩም። ፀሐዩ ከረረብኝ፣ ጉልበቴ ዛለ። ዋንዛ ሥር ተቀምጬ ቁልቁለቱ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ እንደሆነ ቆጥሬ ድንበሩን ታች ወንዙ ዳር አደረግሁት፤ በሙሉ መስመር አሰመርኩት። ያልለካሁትን ልኬት ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ማንም አላስገደደኝም።

አያ ሞላ የመጡት ያኔ ነው። ጠዋት መንገድ ሲጠፋኝ እርሻቸውን ትተው ያደረሱኝ ገበሬ ናቸው። ካርታዬን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ቤቴን ወደዚህ ቁልቁለት ላወርደው አስቤያለሁ። ለምንጩ ይቀርባል፤ ባለቤቴን ውኃ መቅዳቱ ከብዷታል። መሬቱ ሸጋ ነው?»

«ከሥሩ ዐለት ነው አያ፤ አይነቃነቅም።»

«እንግዲህ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴ በተሳሰረ።

ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ አንድ ክረምት እንዳለፈ፣ በዚያ በኩል መንገድ ጣለኝ። ቁልቁለቱ ተንዷል። ከተናደው ሥር የወጣው ሸክላ አፈር ነው፤ ውኃ ሲጠግብ የሚንሸራተተው። አያ ሞላ ወደዚያ ያወረዱት ቤት የለም። ናዳው ሲመጣ ባለቤታቸው ቤት ውስጥ ነበሩ።

አያ ሞላ አወቁኝ፤ አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ምን ነበረበት?

«በኃጢአቴ ነው ልጄ» አሉኝ። «በልጅነቴ አባቴን አስቀይሜ ነበር፤ እሱ ነው የደረሰብኝ። ንስሐ ገብቼ እየጾምኩ ነው።»

እኔስ ምን አልኩ? እግዜር ያጽናዎት አልኩ፤ ሌላ ምንም አልተናገርኩም። መስመሩን ያሰመርኩት ከስንፍና ነው እንበል፤ ይህ ዝምታ ከምን ነበር? ፈሪ ነኝ፤ ከፈሪም የባስኩ ነኝ። ሚስታቸውን ቀበርኩ፣ ጥፋቱንም እሳቸው ላይ ጭኜ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ተመልሼ አልሄድኩም። ከአይከል የመጣ ሰው አሁንም እንደሚጾሙ ነገረኝ፤ ሰውነታቸው አልቋል፣ ካህኑ ይበቃዎታል ቢሏቸውም አሻፈረኝ ብለዋል።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይህን በምታነቡበት ሰዓት አያ ሞላ የእኔን ንስሐ እየጾሙ ነው።