በዶቅዶቄው ሆድ ውስጥ የወደቀችው ቀለበት

ባለቤቴ ይህን ታሪክ ለእንግዳ ሲያወራ ሁልጊዜ የሚጀምረው «አፉን መክደን ረስቼ…» ብሎ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ እንዲሁ እያለ አወራው። እኔም ከአንድ ጊዜ በቀር ከጎኑ ሆኜ ዝም ብዬ ሰማሁት።

ጊዜው በሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። ከተጋባን ገና አራት ወራችን ነበር። እሱ ሶዶ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ሐኪም በሌለበትም ሐኪም ይሆናል። እኔ ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ ያገባሁ የከተማ ልጅ ነኝ። የእኔ ወገኖች ከሰሜን መጥተው በመሥሪያ ቤትና በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሰፈሩ ናቸው፤ የእሱ ደግሞ ጸሎት ቤት የሚሄዱ የወላይታ ገበሬዎች ናቸው። ጋብቻችንን ሁለቱም ወገን አልከለከለም፤ ሁለቱም ወገን ግን አልጨፈረበትም።

የምንኖረው ከከተማው ጠርዝ፣ በእናቱ ግቢ ውስጥ በተሠራች ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። የእሳቸው ሣር ቤት ከእንሰቱ ሥር ነበር። አማርኛ ጥቂት ያውቃሉ፤ በእሳቸው አማርኛ እኔም «አንተ» ነበርኩ፣ ላሟም «አንተ» ነበረች። እኔ ደግሞ ወላይትኛ ለገበያ የሚበቃኝን ያህል እንጂ ከአማት ጋር ለመጫወት የሚሆን አልነበረኝም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በእጅ ሥራ እንግባባለን፤ እሳቸው «ቦይና»፣ እኛ «ጎደሬ» የምንለውን ሥር ሲልጡ አጠገባቸው ተቀምጬ እልጣለሁ።

ዶቅዶቄው የጤና ጣቢያው ነው። ባለቤቴ ሰኞ ሰኞ የመድኃኒት ሣጥኑን ከኋላው አስሮ ወደ ሁምቦ ቆላ ይወርዳል። እዚያ ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር የሳንባ ሕመምተኞች መርፌያቸውን ተቀምጠው ይጠብቁታል። መርፌው ከቀኑ ማለፍ የለበትም። ዶቅዶቄው ሳይመጣ በፊት ይህ ሁሉ በእግር ነበር፤ አንዳንዱ ሕመምተኛም አልጠበቀም።

በዚያ ክረምት ማብቂያ ሞተሩ ደከመ። ሲወርድ ደህና ነው፤ ሲመለስ ግን ዳገቱን ባለቤቴ እየገፋው ይመጣ ጀመር። አዲስ ፒስተንና በዙሪያው የሚገባው የብረት ፋሻ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና መጣለት። መካኒክ ግን አብሮ አልመጣም። ባለቤቴ ሻሸመኔ ጋራዥ ቆሞ ሲፈታ ሲገጠም አይቷልና «እኔ እገጥመዋለሁ» አለ። አለቃው ብዙ ካሰበ በኋላ እሺ አለው። «ፈትተህ ካልገጠምክ ግን ሁምቦን እርሳው፤ ወደ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ትመለሳለህ» ብሎታል። ማታ ይህን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም።

ቅዳሜ ጠዋት እግቢው ሣር ላይ ፈታው። እሑድ በእናቱ ግቢ ሥራ የሚባል ነገር ስለማይነካ ፀሐይ ሳትጠልቅ መግጠም ነበረበት።

ሥራው እስከ ከሰዓት በኋላ ሰመረለት። ሲሊንደሩ ወጣ፤ አሮጌው ፒስተን ወጣ፤ አዲሱ ገባ። የቀረው ፒስተኑን የሚይዘው ፒን እንዳይወጣ በሁለቱ ጫፎቹ የሚገቡት ሁለት ቀጫጭን የሽቦ ቀለበቶች ናቸው። ከጣት ጥፍር አይበልጡም። ከፒስተኑ በታች የሞተሩ ሆድ አፉን ከፍቶ ስለሚታይ፣ አንድ ነገር እንዳይወድቅበት ባለቤቴ አስቀድሞ በጨርቅ ወትፎታል።

ጨርቁን ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩም ነበር። የልብስ ገመዱን አልፌ ስሄድ ነው ያየሁት፤ ከጥቁሩ ዘይት መሐል አንዲት ቀይ አበባ ብቅ ብላለች። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የጠለፍኩት የትራስ ልብስ ነው። ወደ ትዳር ይዤው ከመጣሁት ነገር በገዛ እጄ የሠራሁት እሱን ብቻ ነበር። ባለቤቴ ከገመዱ ላይ ያገኘውን ነጭ ጨርቅ መንጠቁ ነው፤ ወንድ ልጅ የትራስ ልብስና ቡትቶ አይለይም።

አንደኛዋን ቀለበት አስገብቶ ለሁለተኛዋ ቀጭን መቆንጠጫ ሊያመጣ ወደ መድኃኒት ሣጥኑ ሄደ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጨርቄን መዘዝኩ። በምትኩ አሮጌ ጨርቅ ላመጣ ወደ ቤት ሮጥኩ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

ከበሩ ስወጣ እሱ ተንበርክኮ ነበር። ዓይኑ ሽቦዋ ላይ ነው። ጫን ሲላት ተፈናጠረችና «ቅጭል» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ወደቀች» አለ።

የሞተሩን አፍ አየ። ቀጥሎ ቀና ብሎ እኔን አየ፤ በአንድ እጄ አሮጌውን ጨርቅ፣ በሌላው የትራስ ልብሴን ይዣለሁ። ከዚያ እንደገና ወደ ሞተሩ ዞረ።

ጎረቤታችን የነበሩት ጡረተኛ የጭነት መኪና ሾፌር ድምፅ መጥፋቱን አይተው ካጥሩ በላይ ብቅ አሉ።

«ዶክተር! በሽተኛው ሞተ እንዴ?»

«ቀለበቷ ገባች፣ ጋሼ።»

«የት?»

«ሆዱ ውስጥ።»

በሩን ዞረው መጡ። «አፉን ሳትከድን ነው እንዴ የምትሠራው? ሃያ ዓመት ስነዳ እኔ አንድ ዳዶ አልጣልኩም! እሷ እዚያ ውስጥ እያለች ብታስነሣው እንደ ቆሎ ነው የምትፈጨው፤ አለቀለት።»

አማቴም ከጎደሬያቸው ቀና ብለው ያዩ ነበር። ባለቤቴ ለሾፌሩ በአማርኛ፣ ለእናቱ በወላይትኛ መለሰ። ወላይትኛውም ገባኝ።

«መክደን ረሳሁት።»

የትራስ ልብሱን ከኋላዬ ቀበቶዬ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ሾፌሩ ከተሰበረ ሬዲዮናቸው ማግኔት ፈትተው አመጡ። በስፌት ክር አስረው ወደ ሞተሩ ሆድ ላኩት።

«ይኸው ያዘች! አላልኩህም?»

ክሩን ሲስቡት አልመጣ አለ። ማግኔቱ የተጣበቀው ውስጥ ካለው ከሚዞረው ከባድ ብረት ጋር ነበር።

«ጋሼ፣ የያዙት ሞተሩን ነው» አለ ባለቤቴ።

«እሱም ከጠፋው ይሻላል።»

ቀጥሎ የቤንዚን ጋኑን ፈትተው፣ የማርሹን ዘይት ቀድተው፣ ከመንገድ ሁለት ሰዎች ጠርተው ዶቅዶቄውን ገለበጡት። ነቀነቁት፤ ሾፌሩም በመዳፋቸው መቱት። ከዘይት ጠብታ በቀር የወረደ የለም። «ምናልባት ሣሩ ላይ ወድቃ እንደሆነ» ተባለና ሣሩን በእጃችን አበጠርነው። ድምፁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሣር ላይ እንዳልወደቀች አውቃለሁ። ግን ከሁሉም ቆይቼ የፈለግኩት እኔ ነኝ።

ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ባለቤቴ እጁን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። «ሰኞ ሌሊት ተነሥቼ በእግር እሄዳለሁ» አለ፤ ለማን እንደተናገረ አላውቅም። ከሰኞ በኋላ ስላለው አልተናገረም።

አማቴ እጃቸውን ታጥበው መጡ። ትንሿን ጣታቸውን ወደ ሞተሩ አፍ አግብተው የውስጡን ግድግዳ ነኩ፤ አውጥተው በሁለት ጣት አሹት፣ አሸተቱት። ከዚያ በወላይትኛ ልጃቸውን ተቆጡ።

«ምን አሉ?» አሉ ሾፌሩ።

«‹ቅባት የያዘውን ነገር ገልብጦ መደብደብ ምን ያደርጋል፤ ይህስ የቅቤ ገንቦ ነው› ነው የምትለው።»

በእሳቸው ቤት ወተት የሚናጠው በሸክላ ገንቦ ነው። ገንቦው በጎኑ ተጋድሞ ወዲያና ወዲህ ሲወዘወዝ ይውላል። አንድ ጊዜ የአንገታቸው ዶቃ ተበጥሶ ገንቦው ውስጥ ገብቶባቸው ነበር፤ ለብ ያለ ውሃ ጨምረው፣ ቀስ ብለው ንጠው ነው ያወጡት። ይህን ለልጃቸው እየነገሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ላምባ አምጣ። ቅጠልም ቁረጥ፤ ሰፊ፣ ያልተቀደደ።»

የፋኖሱን ላምባ አመጣሁ። ከእንሰቱ አንድ ሰፊ ቅጠል ቆርጬ ከዶቅዶቄው ሥር ዘረጋሁ። አማቴ ላምባውን በሞተሩ አፍ ጨመሩ፤ ባለቤቴ በመሪው፣ ሾፌሩ በኋላ ጎማው፣ ሁለቱ ሰዎች በመሐል ያዙና ዶቅዶቄውን አጋድመው ይወዘውዙት ጀመር።

«ቀስ!» አሉ አማቴ። «ቀስ! ወተት ነው!»

ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አጥሩ ጋ ቆሙ። አንዷ በወላይትኛ «ዶቅዶቄ ይናጣል እንዴ?» ስትል ሌሎቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«ቅቤው ሲወጣ ለእኔም አስቀሩልኝ» አሉ ሾፌሩ በላብ ተጠምቀው። «ለወገቤ ነው።»

የመጀመሪያው ላምባ እንደ ቀለም ጠቁሮ ቅጠሉ ላይ ወረደ። ባዶ ነው። ሁለተኛው ሳሳ ያለ ነበር፤ እሱም ባዶ። ለሦስተኛው የቀረው ላምባ ከአንድ ኩባያ አይበልጥም። አማቴ ልጃቸውን ውስጥ ያለው ብረት ትንሽ ዞር ይል እንደሆነ ጠየቁት። ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ጎማ በእጁ ስንዝር ያህል አዞረው። እንደገና ናጡት፤ እንደገና ቀስ ብለው ደፉት።

ላምባው በቅጠሉ መሐል ባለው ቦይ ቁልቁል ሲወርድ አንድ ነገር አብሮት ተንሸራተተ። አማቴ በአመልካች ጣታቸው ጫን አድርገው አስቆሙት።

አነሡት። ልጃቸው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ግን ለእሱ አልሰጡትም። የእኔን መዳፍ ይዘው ቀለበቷን አኖሩባት።

«ያዝ» አሉኝ።

ያዩኝ ለአፍታ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ጎደሬያቸው ተመለሱ።

የትራስ ልብሱ አሁንም ቀበቶዬ ላይ ተሸጉጦ ነበር። አሮጌው ጨርቅ እዚያው ሣሩ ላይ ወድቋል፤ ሁሉም ያዩታል። እኔ ግን የትራስ ልብሱን አውጥቼ ተንበረከክኩና በሞተሩ አፍ ወተፍኩት፤ አበባውን፣ ጠርዙን፣ ማዕዘኖቹን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠቀጠቅኩ።

«ይቆሽሻል እኮ» አለኝ ባለቤቴ። ከወደቀች ወዲህ የተናገረኝ የመጀመሪያው ቃል ነው።

«ይቆሽሽ» አልኩት።

ቀለበቷን ከመዳፌ በመቆንጠጫ አነሣት። እስክትገባ ድረስ ጨርቁን በሁለት እጄ ይዤ ቆየሁ። ገብታ ስትቀመጥ አንዲት ትንሽ ድምፅ ሰጠች። ጨርቁን መዘዝኩለትና የቀረውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ገጠመ።

ሰኞ ጠዋት ሞተሩ ሦስት ጊዜ ተረግጦ እንቢ አለ፤ በአራተኛው ተነሣ። ግቢው በጭስ ተሞላ። «ተዝካር አስመሰልከው!» ብለው ሾፌሩ ካጥሩ ማዶ ጮኹ። ያን ጊዜ በሶዶ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ በድምፁ ይታወቅ ነበር፤ የእሱን ወደ ሁምቦ መውረጃው ታጥፎ እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ማታም ሲመለስ ዳገቱን በሞተሩ እንጂ በእግሩ አልመጣም። ሕመምተኞቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ቆይተውታል፤ አንድም የቀረ አልነበረም።

ጨርቁን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብኩት። አበባዋ ዳር ያለው ጥቁር አልለቅ አለ። አማቴ ከገመዱ ላይ አውርደው አዩት፤ አጣጥፈው ወደ ቤታችን ገቡና ትራሳችን ላይ አኖሩት። ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ተኛንበት።

ሾፌሩም አማቴም ካለፉ በኋላ ነው አንድ ቀን እንግዳ ፊት «መክደን ረስቼ» ሲል «አልረሳህም ነበር» ያልኩት። ሳያፍር፣ ሳይቆጣ አየኝ።

«ታሪኩን የማወራው እኔ ነኝ» አለና ቀጠለ።

አሁን የማወራው እኔ ነኝ። ከድኖት ነበር።