ኤብላ ለአማቷ የተረጎመችው

ኤብላ ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ትጽፋለች። በ2014 ዓ.ም. ካገባች ሦስት ዓመት ሞልቷት ነበር። ባሏ ዐያንሌ ከጅግጅጋ ቶጎጫሌ ሚኒባስ ይነዳል፤ የሚኖሩትም ከእናቱ ከሙልኪ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ሙልኪ ክፉ አማት አልነበሩም። የከበዳት ደግነታቸው ነው፤ ብቻዋን የትም አይለቋትም።

የወር አበባዋ አራት ወር ሲጠፋ ሙልኪ ለጎረቤቱ ሁሉ በሹክሹክታ አበሠሩ። በአምስተኛው ወር ደሙ መጣ። በማግስቱ ሙልኪ ለባብሰው መጡና «ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አሏት።

ሐኪሟ ዶክተር ታንጉት ከመሀል አገር የመጣች ናት፤ ሶማሊኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። ሙልኪ ደግሞ አማርኛ አይሰሙም። ዶክተሯ አስተርጓሚ ልታስጠራ ስትል ኤብላ «ግድ የለም፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች።

ዶክተሯ የአልትራሳውንዱን ምስል እያሳየች ቀስ ብላ አስረዳቻት። «ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል፤ የሆርሞን መዛባት ነው። እንቁላልሽ በጊዜው አይወጣም። የወር አበባሽ የሚጠፋውም፣ አገጭሽ ላይ ጸጉር የሚበቅለውም ለዚሁ ነው። መውለድ አትችይም ማለት አይደለም። ሕክምና አለው፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ስኳርና ቅባት ቀንሺ።»

ኤብላ በሂጃቧ ጫፍ አገጯን ሸፈነች። በየጠዋቱ በር ዘግታ በወረንጦ የምትነቅለውን ማንም የሚያውቅባት አይመስላትም ነበር።

«ምን አለች?» አሉ ሙልኪ ክንዷን ይዘው።

«መውለድ አትችልም ማለት አይደለም» የሚለውን በሶማሊኛ ልትናገር ስትሰናዳ፣ ወሬው ሰፈር ሲደርስ «መውለድ አትችልም» የሚለው ብቻ እንደሚተርፍ ታያት።

«ደም አንሶሻል አለችኝ።»

ዶክተሯ ያ ሁሉ ማብራሪያ እንዲህ አጥሮ በማለቁ ግራ ገባት። «ሁሉንም ነገርሻቸው?»

«አዎ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙልኪ ደሟን ሊመልሱላት ታጥቀው ተነሡ። ጠዋት በቅቤ የራሰ ጉበት፣ ማታ ቴምርና ስኳር የበዛበት የወተት ሻይ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አጠገቧ ቁጭ ብለው ያዩአታል። እምቢ ብትል ምን ብላ? ዶክተሯ ያዘዘችላትን ክኒን ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ደብቃ ትውጣለች። አንድ ቀን ከሰዓት ቤት እንደገባች ክኒኑ አስመለሳት። ሙልኪ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው በደስታ አለቀሱ። ኤብላ አፏን ተጉመጥምጣ «አይደለም» ሳትል ወደ ክፍሏ ገባች።

ሁለት ሳምንት እንደ ነፍሰ ጡር ተንከባከቧት። ከዚያ በላይ አልቻለችም። በእረፍቷ ቀን ከባሏ ጋር ቶጎጫሌ ሄደች፤ ተሳፋሪው ወርዶ ባዶ ሚኒባስ ውስጥ ሲቀሩ ሁሉንም ነገረችው።

ዐያንሌ መሪውን እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሁለት ወር ሆነኝ።»

«ለኔ እንኳን አልነገርሽኝም?»

«ለእናትህ ትነግራለህ ብዬ ነው።»

«አልነግርም ነበር» አላለም። «አሁን ግን አንነግራትም» አለ፤ «ከሰማች ሌላ አግባ ማለቷ አይቀርም። እኔ ደግሞ እሷን እምቢ ብዬ አላውቅም።»

ሊያጽናናት ብሎ ነው የተናገረው። ኤብላ ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ መስኮቱን እያየች ተቀመጠች።

ቤት እንደደረሱ ዐያንሌ ለእናቱ እርግዝና እንዳልሆነ፣ ደም ማነሱ ገና እንዳልለቀቃት ነገራቸው። ሙልኪም አመኑት፤ ልጃቸው አይዋሽም።

ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ። ልጅ የለም፤ የወር አበባዋ ግን በየወሩ መምጣት ጀምሯል። ዶክተር ታንጉት «ይሄ ጥሩ ምልክት ነው፣ በርቺ» ትላታለች። ቤት ውስጥ ደሙ በመጣ ቁጥር ሙልኪ ያዝናሉ፤ ኤብላም አንገቷን ደፍታ አብራቸው ትቀመጣለች።