ዘውዱ ይመለስ ብለን የጻፍነው ማመልከቻ

የዚያን ቀን ቤታችን የነበርነው የባለቤቴ አባት፣ ባለቤቴ፣ የንስሐ አባታችን፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ከማዶ መንደር የመጡ ስድስት ማኅበርተኞች፣ ታቅፌያት የነበረችው ልጄና እኔ ነን። የወሩ ማኅበር ተራ የእኛ ነበር። ቤታችን ስማዳ ነው፣ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ፤ ጊዜው ደርግ ከወደቀ ሦስት ዓመት ያህል ቢሆነው ነው።

አማቴ በንጉሡ ዘመን ጭቃ ሹም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን መንግሥት ሁሉ አድሮ እንደሚሄድ እንግዳ ያዩታል። ደርግ በወደቀ ሰሞን የንጉሡ ልጆች ከስደት ይመለሳሉ ብለው፣ ለደስታው ቀን የሚታረድ ሙክት አስረው ቀለቡ። ሁለት ፋሲካ ጠበቁ። በሦስተኛው ሙክቱን እኛው በላነው።

በዚያ ማኅበር ዕለት ደግሞ አዲስ አበባ ዘውዱ ይመለስ የሚሉ ሰዎች አሉ የሚል ወሬ ተነሣ፤ አማቴም እኛም ፈርመን እንላክላቸው አሉ። ጽሕፈቱ ለንስሐ አባታችን ተሰጠ። እሳቸው ማንንም ስም ሳይጠይቁ፣ ለጸሎት እንደሚጽፉት ሁሉ፣ በቃላቸው ስማችንን ደረደሩት። ሰውም እየተነሣ በጣቱ ፈረመ።

እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። ጠላ ስቀዳ ወረቀቱን አየሁት። ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ እያለ ይወርዳል፤ ሁሉም የክርስትና ስም ነው። ሰው በገበያ የሚጠራበት ስም አንድም የለበትም። ልናገር ብዬ ተውኩት። መንግሥት ቢቆጣ እንኳ ባለቤቴን በዚህ ስም ፈልጎ አያገኘውም ብዬ ዝም አልኩ።

ወረቀቱን የሚያደርሰው ወንድሜ ሆነ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ዲያቆን ነበር። ወረቀቱን በኮቱ ገበር ውስጥ ሰፋሁለት፤ እስከ ንፋስ መውጫ በእግሩ፣ ከዚያ በመኪና ሄደ። በወሩ ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። ሰዎቹ ይህ የጸሎት መዝገብ ነው፣ እውነተኛ ስም ከነአባትና ከነቀበሌው ይምጣ ብለውታል።

አማቴ ከዘውዱ ይልቅ ሌላ ነገር አስደነገጣቸው።

«የክርስትና ስማችንን ለስንት ሰው አሳየኸው?»

«ለሦስት።»

«በል እንግዲህ፣ መተት ቢሠራብን ከሦስቱ አያልፍም።»

«አባባ፣ የከተማ ሰው ለመተት ጊዜ የለውም» አላቸው ወንድሜ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ስቄ ሳበቃ፣ መጀመሪያውኑ አይቼው እንደነበር ተናገርኩ።

«ምነው ታዲያ ልጄ?» አሉኝ አማቴ።

«ለልጅዎ ፈራሁ።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ልጄን የሚጠብቅልኝ ፍርሃትሽ አይደል፤ አልቀየምሽም» አሉ።

ማመልከቻው እንደገና በትክክለኛው ስም ተጻፈ። የባለቤቴ ስም አራተኛው ላይ ነበር። ወንድሜን አትሂድ፣ ሌላ ሰው ይሂድ ብዬ ለመንኩት። «እትዬ፣ መንገዱን እኮ ለምጄዋለሁ» ብሎኝ በሳምንቱ ሄደ።

ዘውዱ አልመጣም። የፈራሁት ጠያቂም አልመጣም፤ ማን ፈረመ ብሎ ደጃችንን የረገጠ የለም። ወንድሜ ግን አንድ ደብዳቤ ላከ። ወረቀቱን አድርሷል፣ ቤተ ክርስቲያን ማገልገል ጀምሯል፣ ለመስቀል ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ ፈልጎ አጣው።

አማቴ እስኪሞቱ ድረስ ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጥለው መንገዱን ያዩ ነበር። አሁንም የንጉሡን ልጆች ይጠብቃሉ እያልን እንስቅባቸው ነበር። አንድ ቀን ውኃ ሳቀርብላቸው፣ «ንጉሡንማ ከተውኩ ቆየሁ፤ የማየው ወንድምሽን ነው» አሉኝ።

የመጀመሪያው ዕለት አፌን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ ወንድሜ አንድ ጊዜ ሄዶ ይመለስ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም።

ወንድሜ አሁን ዕድሜው ከአርባ አያንስም። ግራኝ ነው፤ በቀኝ ቅንድቡ ላይ የበሬ ቀንድ የወጋው ጠባሳ አለበት፤ ሲራመድ ዜማ ያንጎራጉራል። በአንዱ ደብር ያየው ሰው ካለ፣ በሕይወት መኖሩን ብቻ ወገዳ ገበያ ለሚመጣ የስማዳ ሰው ይንገርልኝ።